ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄድን መኪና «ሁለት ጎማ» ማድረግ፦ ለነዳጅ ቁጠባ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

«የፊቱን ዘንግ ላስፈታው?» የነዳጅ ወጪ በከበደ ቁጥር ፎር ዊል መኪና ያለው ሰው ዞሮ ዞሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። የምነዳው አስፋልት ላይ ነው፤ አራቱም ጎማ ኃይል ቢያገኝ ምን ይጠቅመኛል? ሁለቱን ባሳርፋቸው ነዳጅ ይቀንስልኛል። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ መኪና ላይ የሠራው ዘዴ ሌላው ላይ እንዳለ ሲደገም ነው። አንዱ ባለቤት ዘንጉን አስፈትቶ በሰላም ይነዳል። ሌላው ያንኑ ሲያደርግ መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛው ጥቂት ወራት ከነዳ በኋላ ውድ ዕቃ አቃጥሎ ጋራዥ ይመለሳል። ሦስቱን የሚለያያቸው መሃል ላይ፣ ከካምቢዮው ጀርባ የተቀመጠው ዕቃ ነው።

ከሁሉም አማራጭ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አንድ ዘንግ መዞሩን የሚያቆመው በሁለቱም ጫፉ ሲለቀቅ ብቻ ነው። በካምቢዮው በኩል ብትለቁት፣ መንገዱ ላይ የሚንከባለሉት ጎማዎች ከሌላው ጫፍ ያዞሩታል። በጎማው በኩል ብትለቁት ደግሞ ሞተሩ ያዞረዋል። እየዞረ እስካለ ድረስ ዘይቱን ያማስላል፣ ኩሽኔታውን ይፈትጋል፣ ነዳጅም ይበላል። ስለዚህ አንድ ሰው የመቀየሪያ ዘዴ ሲያቀርብላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «በርግጥ የሚቆመው ዕቃ የትኛው ነው?» ይሁን።

መጀመሪያ ከሆዱ ሥር ያለውን ማወቅ

ፎር ዊል የሚባሉት መኪኖች በአሠራር ሦስት ቤተሰብ ናቸው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቤተሰብ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ 2ኤች የሚል ቦታ ያለው ነው፤ ብዙዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስና የላንድ ክሩዘር 70 ዓይነቶች እዚህ ውስጥ ናቸው። እነዚህ አስፋልት ላይ የሚሄዱት በኋላ ጎማ ብቻ ነው። የእናንተ መኪና ይህ ከሆነ የሚቀየር ነገር የለም። ማርሹ 2ኤች ላይ መሆኑን፣ የፊት ጎማ ፍሪ ሃብ (አክስሉን ከጎማው ጋር የሚያገናኝና የሚለይ ዕቃ) ካለውም መለቀቁን ማየት ይበቃል።

ሁለተኛው ሁልጊዜ በአራቱም የሚነዳውና መሃል ላይ ዲፈረንሻል ያለው ነው። ላንድሮቨር ዲፌንደርና ዲስከቨሪ፣ አብዛኛው ላንድ ክሩዘር 80፣ ፕራዶ 120፣ የመጀመሪያዎቹ የራቭ 4 ትውልዶች የዚህ ወገን ናቸው። መኪና ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም። የመሃሉ ዲፈረንሻል ይህን ልዩነት ስለሚያቻችል ደረቅ አስፋልት ላይ በአራቱም መንዳት ይቻላል። ይህ ቸርነቱ ግን ዘንግ ለማውጣት ስታስቡ ጠላት ይሆንባችኋል፤ ዲፈረንሻል ኃይሉን የሚለቀው በቀለለው በኩል ነውና። አንዱን ዘንግ አውጥታችሁ መሃሉን ሎክ ካላደረጋችሁ (ሁለቱ መውጫዎቹ አብረው እንዲዞሩ ካላሰራችሁት) ኃይሉ ባዶውን ጫፍ ያሽከረክራል፣ መኪናው ይቆማል።

ሦስተኛው አሁን በብዛት የሚታየው ነው። እንደ ሆንዳ ሲአር-ቪ፣ ኒሳን ኤክስ-ትሬል፣ ከ2005 መጨረሻ በኋላ የመጣው ራቭ 4፣ እንዲሁም ሃልዴክስ የሚባለውን ክላች የተገጠመላቸው የፎልክስዋገንና የአውዲ መኪኖች። እነዚህ በመሠረቱ የፊት ጎማ መኪኖች ናቸው። የኋላው የሚረዳው ፊቱ ሲንሸራተት ወይም ኮምፒውተሩ ሲያዘው ነው። ሱባሩ ለብቻው ይቆማል፦ በእጅ ማርሽ የሚሠሩት ብዙዎቹ መሃል ዲፈረንሻል ስላላቸው ለሁለተኛው ቤተሰብ ይቀርባሉ፤ የድሮዎቹ አውቶማቲኮች ደግሞ ኃይል ወደ ኋላ የሚልኩት በክላች ነው።

በሁለተኛው ቤተሰብ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቪስከስ። የታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ የተደረደሩ ስስ ሳህኖችና ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ነው። ፊትና ኋላ በፍጥነት ሲለያዩ ዘይቱ ይይዛቸዋል። ይህ ዕቃ ጤነኛ መሆኑን በእጅ መዳሰስ ይቻላል። ላንድ ክሩዘር 80 ላይ እንዲህ ነው የማደርገው፦ ሜዳ ላይ አቆማለሁ፣ የኋላ ጎማዎችን በታኮ እይዛለሁ፣ የእጅ ፍሬን እስባለሁ፣ ካምቢዮውን ዜሮ፣ የመሃል ሎኩን ጠፍቶ አደርጋለሁ። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንስቼ ጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር እጅ አይገባም። ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ስገፋው ይሄዳል፤ ግን ማር ውስጥ ማንኪያ እንደማዞር ነው፣ በቸኮላችሁ መጠን ይበልጥ ይይዛችኋል። ምንም ሳይከብድ ከዞረ ቪስከሱ ሞቷል። በሙሉ ጉልበት ገፍታችሁት ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ደርቋል ማለት ነው። የደረቀ ቪስከስ መኪናውን ሁልጊዜ ሎክ የተደረገ ያህል ያደርገዋል፤ መሪ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በዝግታ ስትሄዱ መኪናው ይያዛል፣ ጎማ ይፈገፍጋል፣ ነዳጅም ይጨምራል። ብዙ ሰው «ይህ ፎር ዊል ነዳጅ ጨረሰብኝ» ሲል የሚያማርረው ይህን በሽታ ነው። በሽታው ሲታከም የመቀየር ፍላጎቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ለመሆኑ ስንት ነዳጅ አለበት?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው።

«አራት ጎማ የሚገፋ ሞተር ሁለት ጎማ ከሚገፋው እጥፍ ይደክማል» የሚል ግምት በብዙዎች ውስጥ አለ። እንደዚያ አይደለም። መኪናውን ወደፊት ለማስኬድ የሚያስፈልገው ኃይል አንድ ነው፤ በአራት ተካፈለ፣ በሁለት ተካፈለ፣ ንፋሱና ክብደቱ አይቀየርም። የሚባክነው በየመንገዱ ያለው ፍትጊያ ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከጭነት ጋር የሚጨምረው የጥርስና የኩሽኔታ ፍትጊያ ነው። ይህ የፊቱን ስታሳርፉት አይጠፋም፤ የፊቱ ይሸከም የነበረውን አሁን የኋላው ስለሚሸከመው ወደዚያ ይዛወራል። ሁለተኛው ጭነት ኖረም አልኖረም በመዞር ብቻ የሚመጣው ነው፦ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚማሰለው ዘይት፣ የጎማ ሲሎች መቧጨር፣ ክሮቸራው (የዘንጉ መታጠፊያ መገጣጠሚያ)። መቆጠብ የሚቻለው ይህን ነው፤ እሱም የሚቆጠበው በእርግጥ መዞር ካቆመ ነው። ዘይት ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ይህ ብክነት ጎላ የሚለው በጠዋት አጫጭር ጉዞ ላይ ነው፤ ረጅም መንገድ ላይ ሲሞቅ ይቀንሳል።

ፋብሪካው ራሱ በሁለቱም ዓይነት የሠራውን አንድ መኪና ማየት ጥሩ ሚዛን ይሰጣል። የ2019 ሆንዳ ሲአር-ቪ ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ልኬት የፊት ጎማ ብቻ የሆነው በጋሎን 30 ማይል፣ ባለ አራቱ 29 ማይል ነው። በእኛ አቆጣጠር በ100 ኪሎ ሜትር 7.8 እና 8.1 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ልዩነቱ 3 በመቶ አካባቢ ነው። ልብ በሉ፤ የፊት ጎማው ሲአር-ቪ ዘንጉም፣ የኋላ ዲፈረንሻሉም፣ የነሱም ክብደት ጭራሹኑ የሉትም። እናንተ ፊውዝ ነቅላችሁ ወይም ቁልፍ አስገጥማችሁ ያንን ሁሉ ብረት ተሸክማችሁ ስትሄዱ ከዚህ የበለጠ ልታተርፉ አትችሉም።

ሁልጊዜ በአራቱም የሚሄዱት ከባድ መኪኖች ላይ ዘንጉና የፊት ዲፈረንሻሉ በትክክል ከቆሙ ቁጠባው ከዚህ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። እኔ ሒሳብ ስሠራ ከ3 እስከ 5 በመቶ እይዛለሁ፤ 15 እና 20 በመቶ ቀነሰልኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ አብሮ የተቀየረውን ጎማ፣ የተስተካከለውን ኩሽኔታና የተለወጠውን የአነዳድ ልማድ እጠይቃለሁ።

ፊውዝ መንቀል ወይም ቁልፍ ማስገጠም

ለሦስተኛው ቤተሰብ በብዛት የሚመከረው ይህ ነው፤ ርካሽ ስለሆነም ይማርካል። የኋላውን ክላች የሚያዘውን ሽቦ ማቋረጥ ነው። ክላቹ ይለቃል፣ መኪናው የፊት ጎማ ብቻ ይሆናል።

ነገር ግን መጀመሪያ የያዝነውን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ምን ቆመ? ምንም። የክላቹ አንድ ጫፍ ተለቀቀ እንጂ ከካምቢዮው ጎን ያለው የጥርስ ሳጥን ረጅሙን ዘንግ ማዞሩን ቀጥሏል፤ የኋላ ጎማዎችም የኋላ ዲፈረንሻሉን እያዞሩት ነው። ከዚያ በላይ፣ ደረቅ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት ስትሄዱ ክላቹ ቀድሞውኑ ለቆ ወይም በጣም ላልቶ ነበር። የቀድሞው ኤክስ-ትሬል ቲ30 ከፋብሪካ «2 ጎማ»፣ «አውቶ» እና «ሎክ» የሚል ቁልፍ ነበረው። ደረቅ አስፋልት ላይ «2 ጎማ» እና «አውቶ» መካከል የነዳጅ ልዩነት መፈለግ ድካም ነው።

በምትኩ የምታጡት አለ። ብዙ መኪኖች ላይ ሽቦው ሲቋረጥ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ ከሱ ጋር የመኪናውን ሚዛን የሚጠብቀው ሥርዓትም ሊጠፋ ይችላል። እርጥብ መታጠፊያ ላይ ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ሥርዓት ነው፤ ለማይታይ ቁጠባ መለወጥ የለበትም።

የድሮ አውቶማቲክ ሱባሩ ያላችሁ፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ኤፍደብሊውዲ (FWD፣ በፊት ጎማ ብቻ ማለት ነው) የሚል ባዶ የፊውዝ ቦታ ታገኛላችሁ። ፊውዝ ሲሰካበት የኋላው ይለቅና ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። የተሠራው ትንሿን ተጠባባቂ ጎማ ገጥማችሁ እስከ ጎሚስታ እንድትደርሱ ነው። ክላቹን ለመልቀቅ አንድ ሶሌኖይድ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ዓመቱን ሙሉ በዚህ መንዳት የታሰበለት ሥራ አይደለም።

ዘንጉን አውጥቶ መንዳት

ይህ በሁለተኛው ቤተሰብ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ በተለይ መንገድ ላይ ክሮቸራ ወይም ዲፈረንሻል ሲሰበር። ዲፌንደር ላይ የተሰበረውን ዘንግ በጥቂት ቡሎን ፈትቶ መሃሉን ሎክ አድርጎ ወደ ቤት መመለስ የታወቀ ነው። ለዚያ ቀን ወርቅ ነው። ለሁልጊዜ ግን አይሆንም።

ቁጠባውን እንመዝን፦ ዘንጉ ወጥቷል፣ ግን የፊት ጎማዎች የፊት ዲፈረንሻሉንና ሁለቱን አክስሎች አሁንም ያዞሯቸዋል። ከፊት በኩል ካለው የመዞር ብክነት ትልቁ ድርሻ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ስለሆነ የቀረላችሁ ጥቂት ነው። ቪስከስ ያለው መኪና ላይ መሃሉን ሎክ ሳታደርጉ ከነዳችሁት ደግሞ ኃይሉ ሁሉ በዚያ ወፍራም ዘይት ውስጥ አልፎ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው፤ ይግላል፣ ይደርቃል። የድሮዎቹ ራቭ 4 ላይ ይህ ቪስከስ ከካምቢዮው ጋር አንድ አካል ስለሆነ ጥፋቱ ካምቢዮ እስከማውረድ ይደርሳል።

ስለ ፓርኪንግ የማነሳው ነገር ከነዳጁ ሁሉ ይበልጣል። አንድ ጊዜ አውቶማቲክ መኪና ላይ የፊቱን ዘንግ ፈትቼ አውጥቼ፣ መጠነኛ ቁልቁለት ላይ ፒ አስገባሁና እግሬን ከፍሬኑ አነሳሁ። መኪናው ቆመ። በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን መሬት ላይ ሳሳርፍ ከጫማዬ አጠገብ ያለው ጠጠር ወደ ኋላ የሚሄድ መሰለኝ። የሚሄደው ጠጠሩ አልነበረም። መኪናው ድምፅ ሳያሰማ፣ በጣም በዝግታ፣ ወደፊት እየወረደ ነበር። ተመልሼ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ፒ የሚይዘው የካምቢዮውን መውጫ ነው። መሃል ዲፈረንሻሉ ሎክ ካልሆነ የኋላው ዘንግ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ባዶው የፊት ጫፍ ወደ ሌላው እየዞረ መኪናውን ይለቀዋል፤ ቪስከሱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ቪስከስ የሌለው ቢሆን ኖሮ በፍጥነት ይሄድ ነበር።

በእጅ ማርሽ የምትነዱም እንደዚያው ናችሁ፤ ማርሽ አስገብቶ ማቆም አይይዝም። ዲፌንደርና የቀድሞዎቹ ዲስከቨሪዎች ላይ የባሰ አለ፦ የእጅ ፍሬናቸው ጎማ ላይ አይደለም፣ ከትራንስፈር ኬዙ (ከካምቢዮው ጀርባ ሆኖ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) የኋላ መውጫ ላይ ነው። የኋላውን ዘንግ አውጥታችሁ መሃሉ ሎክ ካልሆነ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጫፍ ብትስቡትም የሚይዘው ጎማ የለም። ዘንግ የወጣለት መኪና ሥር የምትገቡ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ጎማውን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ።

ፍሪ ሃብና የመሃል መቀየሪያ ዕቃ

እውነተኛው «ሁለት ጎማ» ይህ ነው። ሁለት ሥራዎች አሉት፤ አንዱን ብቻ ሠርቶ መተው የተለመደው ስህተት ነው።

አንደኛው ሥራ ጎማው ላይ ነው። ሁልጊዜ በአራቱም የሚሄደው መኪና የፊት ጎማ መሃል ላይ አክስሉን ከጎማው ጋር ለዘለቄታው የሚያስር ክብ ብረት አለ። እሱ ይወጣና በእጅ ተዞሮ የሚያዝና የሚለቀቅ ፍሪ ሃብ ይገባል። ሁለተኛው ሥራ ትራንስፈር ኬዙ ውስጥ ነው፤ የመሃሉ ዲፈረንሻል (ቪስከስ ካለው አብሮ) ወጥቶ በምትኩ ኃይሉን በቀጥታ ወደ ኋላ የሚያስተላልፍ ዕቃ ይገባል። እንደ ዕቃው አሠራር፣ በአንዳንዱ የድሮው የመሃል ሎክ መሳቢያ ፊቱን የሚያገናኝና የሚለይ ይሆናል፤ በሌላው መሃሉ ለዘለቄታው አንድ ሆኖ ይታሠርና ነገሩ ሁሉ በፍሪ ሃቡ ላይ ይወድቃል።

የሁለቱን ልዩነት ሻጩን አጥብቃችሁ ጠይቁ። የኋለኛው ዓይነት ላይ፣ ወይም ፍሪ ሃብ ብቻ አስገብቶ መሃሉን ሎክ አድርጎ በሚነዳው ላይ፣ ጎማው ቢለቀቅም ሞተሩ የፊቱን ዘንግና ዲፈረንሻል ባዶውን ማዞሩን ይቀጥላል። መኪናው በርግጥ በሁለት ጎማ ይሄዳል፣ መሪውም ይቀላል፤ ነዳጁ ግን ያሰባችሁትን ያህል አይቀንስም። ሁለቱም ጫፍ ሲለቀቅ ብቻ ነው ከሥር አጎንብሳችሁ ስታዩ የፊቱ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሞ የምታገኙት።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመቸው ላንድ ክሩዘር 80 ነው። ቶዮታ ራሱ ይህን መኪና በፓርት ታይም (2ኤች ባለው) ዓይነትም ስለሠራው የፋብሪካ ዕቃ የሚገጥምለት ነው። ለላንድሮቨሮቹም ኤልቲ 230 ለሚባለው ትራንስፈር ኬዝ የሚሆን የመቀየሪያ ዕቃ ይሠራል። መካኒኩ ከዚህ በፊት ይህንኑ ትራንስፈር ኬዝ ፈትቶ የገጠመ መሆን አለበት። የኩሽኔታው ልክ አያያዝ ከተሳሳተ የምታተርፉት ነዳጅ ሳይጀመር ዕቃው ይበላል።

ከዚያ በኋላ የመኪናው ጠባይ ይለወጣል። ዝናብ ላይ፣ ኮረት ላይ፣ ለምንም ሳታስቡ አራቱም ይይዙላችሁ የነበረው ቀርቶ ከባድ መኪና በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋ ይሆናል፤ እርጥብ መታጠፊያ ላይ ነዳጅ ብትረግጡ ጭራው ሊወጣ ይችላል። አራቱን ስታገናኙ ደግሞ መሃል ዲፈረንሻል ስለሌለ ደረቅ አስፋልት ላይ መንዳት አይፈቀድም፤ ዘንጎቹ ይጠማዘዛሉ። «ግማሽ እርጥብ፣ ግማሽ ደረቅ» የሆነ መንገድ ላይ፣ ድሮ በጣም የሚመቸው መኪና አሁን የትኛውም ቦታ አይስማማውም። ብዙ መኪኖች ላይ መሃሉ ሎክ ሲሆን ኤቢኤስ ወይም የሚዛን መጠበቂያው እንዲጠፋ ተደርጎ ነው ሽቦው የተዘረጋው፤ ስለዚህ የቀየረው ሰው ሽቦውን እንዴት እንዳደረገው ሳታረጋግጡ መኪናውን አትረከቡት። የሚዛን መጠበቂያ ያላቸውን አዳዲሶቹን፣ ለምሳሌ ፕራዶ 120ን፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልመክርም።

ትራንስፈር ኬዙን በሙሉ መለወጥ

ይህ የጂፕ ባለቤቶች መንገድ ነው። የ1993–1998 ግራንድ ቼሮኪ ብዙው ኤንቪ 249 የሚባል ቪስከስ ያለው ትራንስፈር ኬዝ ይዞ ነው የመጣው። ቪስከሱ ሲደርቅ ብዙዎች በኤንቪ 242 ይለውጡታል፤ እሱ 2ኤች፣ ሁልጊዜ የሚነዳበት 4፣ ሎክ የሆነ 4 እና 4ኤል (ዝግ ብሎ በጉልበት የሚሄድበት 4) አለው። ከመግዛት በፊት የመግቢያው ዘንግ የጥርስ ብዛትና ርዝመት፣ የኋላ መውጫው አሠራርና የረጅሙ ዘንግ ልክ መመሳሰሉን ማየት ግድ ነው።

በምርጫ ብዛት ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ሙሉው 4 መመለስ ትችላላችሁ። በነዳጅ ግን አትጠብቁት። የዚያ መኪና የፊት አክስል መለቀቂያ ስለሌለው 2ኤች ላይም ጎማዎቹ የፊቱን ሁሉ ያዞሩታል፤ አንድ ጫፍ ብቻ ነው የተለቀቀው። የደረቀ ቪስከስን ለመገላገል ከሆነ ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ለነዳጅ ብቻ ከሆነ አይደለም።

መኪናውን መለወጥ

ለማንሳት የሚከብድ አማራጭ ነው፤ ሰው መኪናውን ይወዳል። ግን ዛሬም ነገም አብዛኛው ጉዟችሁ አስፋልት ሆኖ አልፎ አልፎ ጭቃ የሚገጥማችሁ ከሆነ፣ ፋብሪካው አስቦ የሠራውን መያዝ ይሻላል። የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ሱፐር ሴሌክት ከ1991 ጀምሮ 2ኤችንም፣ አስፋልት ላይ የሚነዳበትን 4ኤችንም በአንድ ማርሽ ይሰጣል፤ 2ኤች ላይ የፊት አክስሉ ራሱ ስለሚለቅ የፊቱ ዘንግ ያርፋል። ከአዳዲሶቹ ደግሞ የ2019 ራቭ 4 አንዳንድ ደረጃዎቹ የኋላውን ዘንግ በሁለቱም ጫፍ እየለቀቁ ያቆሙታል፤ ሲያስፈልግ ኮምፒውተሩ መልሶ ያገናኘዋል። የሚዛን መጠበቂያው እንዳለ ሆኖ ቁጠባው የሚገኘው በዚህ ነው።

ምንም ሳይነኩ የሚገኘው

የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የአራቱም ጎማ ንፋስ በአማካይ በ1 ፒኤስአይ ሲጎድል ነዳጅ በ0.2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አራቱም ጎማ 10 ከጎደላቸው 2 በመቶ ወሰደባችሁ ማለት ነው፤ የፊውዝ መንቀልን ትርፍ ሁሉ ይበልጣል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚጫን ትልቅ ሳጥን ከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8፣ ፈጣን መንገድ ላይ ከ6 እስከ 17 በመቶ ይበላል። ባዶውን ተሸክማችሁት የምትዞሩ ከሆነ ዛሬውኑ አውርዱት። ፍጥነት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ፍጆታው በፍጥነት ያድጋል። ከጉዞ እንደተመለሳችሁ ደግሞ የየጎማውን መሃል በእጅ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ሙቀቱን ለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ እዚያ ፍሬን ተይዟል ወይም ኩሽኔታ ጠብቋል።

ሒሳቡ

የሥራውን ዋጋ በገንዘብ ሳይሆን በሊትር መንዝሩት። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚበላና በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 1,800 ሊትር ይጨርሳል። 3 በመቶው 54 ሊትር ነው። ዕቃውና የእጅ ዋጋው 500 ሊትር የሚገዛ ከሆነ ለመመለስ ከ9 ዓመት በላይ ይፈጃል። በዓመት 40,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድና 14 ሊትር የሚበላ ከሆነ ግን 5,600 ሊትር ነው፤ 4 በመቶው 224 ሊትር ይሆንና ከ2 ዓመት ትንሽ ከፍ ብሎ ይመልሳል። ብዙ የሚነዳ፣ የመሃል ዲፈረንሻል ያለው የድሮ ከባድ መኪና የያዘ፣ ቪስከሱ ደግሞ ጭራሹኑ መቀየር ያለበት ሰው ነው ለዚህ ሥራ የተገባው። ያ ሰው እናንተ ካልሆናችሁ ገንዘቡን ለጥሩ ጎማ አውሉት።

ልኬቱን ከሥራው በፊት ጀምሩ። በአንድ ማደያ፣ በአንድ ቀጂ ማሽን፣ እስከ መጀመሪያው መዝጋት ብቻ እየሞላችሁ ሦስት ታንክ ቁጠሩ፤ የጎማውን ንፋስ በየጊዜው አንድ ዓይነት አድርጉ። ከሥራው በኋላም ሦስት ታንክ። አንድ ታንክ ምንም አይናገርም፤ የትራፊክና የአየር ጠባይ ልዩነት ብቻውን ከምትፈልጉት 3 በመቶ ይበልጣል። ጎማውን በዚያው ሰሞን በሌላ ልክ ከቀየራችሁ ደግሞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ራሱ ስለሚያሳስት ንጽጽሩ ይፈርሳል።

ፍሪ ሃብ ያስገባችሁ፣ በወር አንድ ጊዜ ኮረት ወይም አፈር መንገድ ላይ ሃቡን ይዛችሁ በአራቱም 16 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ። ቶዮታ ለፓርት ታይም መኪኖቹ መመሪያ ላይ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፤ ያለበለዚያ ከፊት ያሉት ክፍሎች ዘይት ሳይደርሳቸው ይቆያሉ። መኪናውን ሌላ ሰው የሚነዳው ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦ ሃቦቹ ተለቀው እንደሆነ፣ ሁለቱም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መሆን እንዳለባቸው፣ ሲቆም የእጅ ፍሬን ሳይሳብ እንዳይወረድ።